ስለ አውቶሞቢል ወንበር ቆዳ ቀለምና ስለ ነጋዴው ታማኝነት

በቅርቡ አንድ የቀለም ነጋዴ የሚከተለውን አጫወቱን። አንድ ደንበኛ የአውቶሞቢሉን ግራጫ ወንበሮች ወደ ጥቁር ለመለወጥ አስቦ ወደ ሱቃቸው መጣ። በመደርደሪያው ላይ የነበረው የቆዳ ቀለም የጫማ ብቻ ስለ ሆነ፣ «ቆዳ ያው ቆዳ ነው» ብለው ሸጡለት። ወንበሩም ለጊዜው አምሮ ታየ። ነገር ግን በተከታዩ እሑድ የደንበኛው ባለቤት ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ወደ ሠርግ ሲሄዱ፣ ከወንበሩ የለቀቀው ጥቁር ቀለም በልብሳቸው ላይ ታትሞ ተገኘ። ነጋዴው የቀለሙን ዋጋ መለሱ፤ ደንበኛውን ግን ዳግመኛ በሱቃቸው አላዩትም።

ይህን የምንጽፈው ነጋዴውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሳቸውም ያጫወቱን ሌላው እንዲማርበት ብለው ነው። በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አውቶሞቢል አድሶ ማቆየት ለብዙ ሰው የሚያስፈልግ ነገር ሆኗል። ስለዚህ የወንበር ቀለም የሚጠይቅ ደንበኛ በመጣ ጊዜ ባለሱቁ ምን ብሎ እንደሚመልስ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ወንበሩ የለበሰው ምንድን ነው የሚል ነው። «የቆዳ ወንበር» በሚባሉት በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ እውነተኛው ቆዳ ያለው ሰው በሚቀመጥበትና በሚደገፍበት ፊት ብቻ ሲሆን፣ ጎኑና ጀርባው ቪኒል ነው። ቆዳውም ቢሆን ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ቀለሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባ፣ ላዩ ግን ያልተሸፈነ ነው፤ ሁለተኛውና በአውቶሞቢል ላይ የሚበዛው፣ በላዩ የቀለም ቅብ፣ ከዚያም በላይ ግልጽ የሆነ መከላከያ ቅብ ያለበት ነው። ሁለቱን ለመለየት በማይታይ ስፍራ አንዲት ጠብታ ውሃ ማኖር ይበቃል። ውሃው ቶሎ ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ያልተሸፈነ ነው፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ግን የተቀባ ነው።

የጫማ ቀለም ያልያዘበትም ምክንያት ከዚህ ይታወቃል። ሰሙና ቀለሙ በመከላከያው ቅብ ላይ ይተኛል እንጂ ከቆዳው ጋር አይዋሐድም፤ ሙቀትና ላብ ሲያገኘው ይለቃል። ለወንበር የሚሆነው ግን በውሃ የሚቀጥንና ሲደርቅ እንደ ቆዳው የሚተጣጠፍ ሙጫ ያለበት ቀለም ነው።

የሥራውም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ወንበሩ በቆዳ ማጽጃ ይታጠባል፤ ቀጥሎም የቀድሞው መከላከያ ቅብ በማዘጋጃ ፈሳሽ ይለሰልስና ቊጥሩ 600 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የላመ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይታሻል። የቀረው ቅባት በአልኮል ይጠረጋል። የመጀመሪያው ቀለም በስፖንጅ ታሽቶ ይገባል፤ የሚቀጥሉት በመርጫ ይረጫሉ። ከአንድ ወፍራም ቅብ ይልቅ ከ3 እስከ 5 ስስ ቅብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ሰው ሲቀመጥበት ይሰነጠቃልና። በመጨረሻ መከላከያው ቅብ ይደረጋል። ለመቀመጥ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ጨርሶ ለመጠንከር ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ቀለሙ የሚላቀቀው አብዛኛውን ጊዜ በቀለሙ ክፋት ሳይሆን በጽዳቱ ጉድለት ነው።

መልኩን በመምረጥ ረገድም ምክር ያስፈልጋል። ከፈዛዛ ወደ ጠቆረ መለወጥ ቀላል ነው፤ ከጥቁር ወደ ነጣ ያለ መልክ መለወጥ ግን ብዙ ቅብ ይፈልጋል፤ ጥቂት በተፋቀም ጊዜ ጥቁሩ ብቅ ይላል። ዳሽቦርዱን ማንጣት ከቶ አይመከርም፤ የፀሐይ ብርሃን አንፀባርቆ በፊተኛው መስታወት ላይ ሾፌሩን ያውካል። በጎኑ ኤርባግ ያለበት ወንበር ቢሆን የጎኑን ስፌት በጠንካራ ክር ደግሞ መስፋት ወይም በሙጫ መድፈን አደገኛ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ የሚወጣው በዚያ ስፌት ቀዶ ነውና።

አስመጪዎች ማጽጃውን፣ ማዘጋጃውን፣ ቀለሙንና መከላከያውን ቅብ አንድ ላይ ቢያስመጡ ይበጃል፤ ቀለሙ ብቻውን ለመጣለት ሸማች ሥራው አይሳካለትም። የቪኒል ቀለም ለብቻው ይታዘዝ። የአጠቃቀሙ መመሪያ በአማርኛ ተጽፎ በቆርቆሮው ላይ ይለጠፍ፤ የአገልግሎቱም ዘመን ይመርመር። ማዘጋጃውና አልኮሉ እሳት የሚይዙ ስለ ሆኑ ከሙቀትና ከእሳት ርቀው ይቀመጡ።

ነገሩ ቆዳ ላኪዎቻችንንም ይመለከታል። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ ቆዳ በውጭ ገበያ ስም ያተረፉ ናቸው፤ ዳሩ ግን የበጋችን ቆዳ ስስና ለስላሳ በመሆኑ ለእጅ ጓንትና ለልብስ ይስማማል። ለአውቶሞቢል ወንበር የሚፈለገው ሰፊና ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። ቅብ የሚቀባበትም አንዱ ምክንያት የመዥገር፣ የእሾህና የፍም ምልክትን ለመሸፈን ነው። ጠባሳው ያነሰ ቆዳ ቅቡም ያነሰ፣ ዋጋውም የበለጠ ይሆናል። ስለዚህ በእርባታውና በዕርዱ ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ የኋላ ኋላ ለላኪው ገንዘብ ነው።

በመጨረሻ ስለ ታማኝነት አንድ ነገር እንበል። ያረጀን ወንበር ማቅለም የተፈቀደና የተመሰገነ ሥራ ነው። ያረጀውን አውቶሞቢል አዲስ አስመስሎ ለመሸጥ ቀልሞ ዝም ማለት ግን ማታለል ነው። አውቶሞቢል የሚሸጥ ነጋዴ «ወንበሩ ታድሷል» ብሎ ቢናገር ከዋጋው ጥቂት ይጐድልበት ይሆናል፤ ገዢው በኋላ በራሱ ዐይን ሲደርስበት ግን የሚጐድለው ስሙ ነው። ባለሱቁም እንዲሁ ተገቢው ቀለም በሱቁ ከሌለ «የለኝም» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ቢልከው፣ የዕለቱን ትርፍ ቢያጣም ደንበኛውን አያጣም።