ሠልጣኝ የአእምሮ ሐኪም ሳይነገረው ስለሚማረው ልማድ

ለሐኪም የሚሰጠው ትምህርት በመርሐ ግብር ተጽፎ ይገኛል፤ በሥራው ቦታ የሚወረሰው ልማድ ግን በየትም አልተጻፈም። ሠልጣኙ ይህን የሚቀስመው ታላላቆቹ በሽተኛውን ሲጠይቁ በማየትና የትኛው ጥያቄ እንደሚያስመሰግን፣ የትኛው እንደሚያሳፍር በመለየት ነው። በአእምሮ ሕክምና ልማዱ ዕውቀቱን ራሱን ይነካዋል፤ የበሽታው ዋና ምስክር የበሽተኛው ቃል ነውና።

አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ሊቅ ታንያ ለርማን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የአገራቸውን ሠልጣኞች ኑሮ ገልጸዋል። ሌሊት የሚመጣ አዲስ በሽተኛ ለተረኛው ሠልጣኝ ተጨማሪ ድካም ስለሆነ፣ ምልክቱን ፈጥኖ ለይቶ ለበሽታው ስም መስጠትን ይለምዳል። በንግግር ሕክምና ግን ያው ሠልጣኝ አንድን ሰው ለወራት ማዳመጥ አለበት። ጥቂት አዳምጥ ብሎ ያዘዘው የለም፤ የሥራው አደራደር ያስተምረዋል።

በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች ቀድሞ የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ነበር። በዚያው አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የራሱን ሥልጠና ጀመረ። የሚነበቡት መጻሕፍት የእንግሊዝኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ፣ በሽተኛው በየትኛው ይጠራ ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም። መልሱ የሚገኘው ከታላላቆቹ አፍ ነው።

ይህ ጸሐፊ በአንድ ሕክምና ቤት የሚከተለውን ተመልክቷል። ሠልጣኙ አንድን ሽማግሌ ገበሬ «እርስዎ» እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ሽማግሌውም ስለ በሬዎቻቸውና ስለ ልጃቸው ሞት በሰፊው ይናገሩ ነበር። ታላቁ ሐኪም መጡና «ድምፅ ይሰማሃል?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራ ስለበዛባቸው ቸኵለው ነበር። ከዚያ በኋላ ሠልጣኙም «አንተ» አለ፤ ሽማግሌውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው በአንድ አንድ ቃል ብቻ ይመልሱ ጀመር። በካርዱ ላይ ንግግራቸው እጅግ የተቈጠበ መሆኑ በእንግሊዝኛ ተጻፈ።

ምርመራው ስሕተት ነበር አልልም፤ ንግግርን የሚያሳጥር የአእምሮ ሕመም በእርግጥ አለ። ነገር ግን ካርዱን ነገ የሚያነብ ሐኪም የንግግሩን ማጠር ያገኛል እንጂ ሽማግሌው በምን ቃል እንደተጠሩ ሊያገኝ አይችልም። ሠልጣኙን ቈይቼ አጠራሩን ስለ ምን እንደለወጠ ብጠይቀው፣ መለወጡን ራሱ አላስተዋለም ነበር።