ድንበር ለሰው ተዘግቶ ለጭነት ሲከፈት

ከጊምቢቹ፣ ከሆሳዕናና ከከምባታ ከተሞች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት በአብዛኛው በሞያሌ ኬንያ ይገባል፤ ከዚያ በታንዛኒያና በማላዊ ወይም በዛምቢያ ወደ ታች ይወርዳል። ለደላላ የሚከፈለው ከብት ተሸጦ፣ መሬት በኮንትራት ተሰጥቶ፣ ወይም ቀድሞ የሄደ ወንድም ልኮ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበሮች ለሰው እንደሚዘጉ ተነገረ፤ አስፈላጊ ዕቃ የጫነ መኪና ግን ማለፉን ቀጠለ። በብዙ የቀጣናው አገሮችም የሆነው ይኸው ነው። ሰው ሲታገድ ጭነት ካለፈ፣ ደላላው ሰውን ጭነት ያደርገዋል።

በማግስቱ በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ከማላዊ የገባ የጭነት መኪና ተፈተሸ። ኮንቴይነሩ ውስጥ 78 ኢትዮጵያውያን ታጭቀው ነበር፤ 64ቱ ሞተዋል። ከአገር የወጡት ድንበር ከመዘጋቱ በፊት ነውና ሞታቸውን በእገዳው ማሳበብ ልክ አይሆንም። የተረፉትን 14ቱን የጠበቃቸው ግን አዲሱ ሥርዓት ነበር፤ አየር አጥተው ከሬሳ መካከል የወጡ ሰዎች ወደ ለይቶ ማቆያ ገቡ።

ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ ከዚምባብዌ ጋር በምትዋሰንበት ቤይትብሪጅ 37 ሚሊዮን ራንድ አውጥታ 40 ኪሎ ሜትር አጥር አጠረች። አጥሩ ብዙም ሳይቆይ ተቆራርጦ ተገኘ። ስደተኛውን ይበልጥ የጎዳው የጥገኝነት ቢሮዎች መዘጋት ነው። የነባር ወረቀት ጊዜ በመግለጫ ይራዘም ነበር፤ አዲስ ገቢው ግን የሚያመለክትበት በር አጣ። ሎኬሽን በሚባሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች በሱቅ ለሚነግዱትም በእገዳው የመጀመሪያ ቀናት የውጭ ዜጋ ሱቅ እንዳይከፍት ተብሎ፣ ኋላ ፈቃድ ላለው ብቻ ተፈቀደ። እዚያ ሱቅ ሲዘጋ እዚህ የሚጠበቀው ሐዋላ ይቀራል።

ለተመላሾች የሚሰጠው ድጋፍም መልኩን ቀየረ። ሳዑዲ ዓረቢያ በዚያው ሰሞን 3 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን ስትመልስ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማባረሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። ተመላሾቹን አዲስ አበባ የተቀበላቸው ለይቶ ማቆያ ነው። አልጋ፣ ምግብና ምርመራ ማግኘታቸው ትልቅ ነገር ነበር፤ ስለ ደላላ ዕዳቸው ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከስደት ተመላሽን መልሶ የሚያሰድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ዕዳ ነው።

እገዳው ከተነሳ በኋላም እንዲህ ያለው ሞት አልቀረም። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ላይ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።