ከጠፈርተኞች የሚወሰድ ናሙናና የማይሸሸገው ስም



ስኮት ኬሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመጋቢት 2015 እስከ መጋቢት 2016 ድረስ 340 ቀናት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲቆይ፣ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያው ማርክ ምድር ላይ ነበር። ተመራማሪዎች ከሁለቱም ደም፣ ሽንትና ሰገራ ሰበሰቡ። በጣቢያው የሚቀዳ ደም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ሕያው ሴሎችን ለመመርመር ግን ይህ አይበጅም። ስለዚህ አንዳንዱ ናሙና የሚቀዳው ሶዩዝ መንኮራኩር ወደ ምድር ልትመለስ ስትቃረብ ነበር፤ ካዛክስታን ካረፈ በኋላ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ሰዓታት ይቆጠራሉ።

ውጤቱ በ2019 ታተመ። በክሮሞሶም ጫፍ የሚገኙት ቴሎሜሮች ያጥራሉ ተብሎ ሲጠበቅ ጠፈር ላይ ረዝመው ተገኙ፤ ሲመለስም በፍጥነት አጠሩ። የአንድ ሰው ውጤት ስለሆነ እንደ ደንብ አልወስደውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሕክምና ጥናት የተሳታፊውን ስም በቁጥር እንተካለን። እዚህ ግን ቁጥሩ ማንን ይሸሽጋል? 340 ቀናት የቆየው ማን እንደሆነ ዓለም ያውቃል። የስኮት የዘረመል ዝርዝር ቢገለጥ ደግሞ የማርክም አብሮ ይገለጣል፤ ለልጆቻቸውም ይተርፋል። እንግዲህ የአንድ ሰው ፊርማ ለስንት ሰው ፈቃድ ሊሆን ይችላል?

በ2021 በኢንስፒሬሽን 4 ለ3 ቀናት ያህል የበረሩት ሲቪሎችም ናሙና ሰጥተዋል። ተጓዦቹ 4 ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች። በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ጾታና ዕድሜን ጎን ለጎን መጻፍ ስም ከመጥራት አይለይም።