ራውተር ተራውን የሚለቀው መቼ ነው?

የአንድ ቢሮ ኮምፒውተሮች ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ የጌትዌይ አድራሻ በኩል ነው። አድራሻውን የያዘው ራውተር ቢወድቅ ሌላ መውጫ በራሳቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ሁለት ራውተሮች አንድ ምናባዊ አድራሻ ይጋራሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠባበቃል። ተራው የማን እንደሆነ የሚለየው ባለሙያዎች ፕራዮሪቲ የሚሉት የቅድሚያ ቁጥር ነው።

ይህን አሠራር ከሚመሩት ፕሮቶኮሎች አንዱ የሆነው የሲስኮ ኤችኤስአርፒ እ.ኤ.አ. በ1998 አርኤፍሲ 2281 በተባለ ሰነድ ታተመ። በዚያው ዓመት የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ቪአርአርፒን በአርኤፍሲ 2338 አወጣ፤ የቅርቡ እትም የ2024ቱ አርኤፍሲ 9568 ነው። የሲስኮ የፓተንት ጥያቄ ያላማራቸው የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ደግሞ በ2004 የራሳቸውን ካርፕ ይዘው መጡ። በሊኑክስ ላይ ቪአርአርፒን የሚያስኬደው በብዛት ኪፕአላይቭዲ የተባለው ፕሮግራም ነው።

በቪአርአርፒ ማስተሩ፣ ማለትም ተራውን የያዘው ራውተር፣ በየሰከንዱ መኖሩን ያሳውቃል። ተጠባባቂው ሦስት ተከታታይ መልእክት ሲቀርበት፣ በቅድሚያ ቁጥሩ ልክ የምትሰላ ጥቂት ጊዜ ጨምሮ ይጠብቅና ቦታውን ይይዛል። ቁጥሩ 100 ከሆነ 3.61 ሰከንድ ገደማ፣ 200 ከሆነ 3.22 ገደማ ይጠብቃል፤ ከብዙ ተጠባባቂዎች ትልቅ ቁጥር ያለው የሚቀድመው በዚህ ነው። ማስተሩ በፈቃዱ ሲለቅ ቅድሚያውን 0 ብሎ ያስታውቃል፤ ያኔ ሦስቱን ሰከንድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ራውተሩ ራሱ ዝም ሲል ነው። የውጭው መስመር ተቆርጦ የቢሮው በኩል ጤነኛ ከሆነ ማስተሩ መልእክቱን መላኩን ይቀጥላል፤ የሠራተኞቹ ፓኬት ወደ እርሱ ይሄዳል፣ ከዚያ አያልፍም። መፍትሔው ትራኪንግ ነው፦ ራውተሩ መስመሩን ይከታተላል፣ ሲወድቅ ከራሱ ቅድሚያ ይቀንሳል።

ቅነሳው ስሌት ይፈልጋል። ማስተሩ 110፣ ተጠባባቂው 100 ቢሆኑና ቅነሳው 10 ቢሆን ሁለቱም 100 ላይ ይገናኛሉ። የቪአርአርፒ ተጠባባቂ የሚነሣው ቁጥሩ ሲበልጥ ብቻ ስለሆነ ምንም አይለወጥም። 20 ቢቀነስ ማስተሩ 90 ይሆንና ተራው ያልፋል። ማስተሩ ሁለት የውጭ መስመር ካለውና አንዱ ብቻ ሲቆረጥ እንዲለቅ ካልተፈለገ ለእያንዳንዱ 6 መቀነስ ይበቃል፤ አንዱ ሲወድቅ 104፣ ሁለቱም ሲወድቁ 98። በኤችኤስአርፒ ግን ቁጥሩ ቢወርድም ፕሪኤምፕት (ትልቅ ቁጥር ያለው ተራውን እንዲነጥቅ የሚፈቅደው ቅንብር) ካልበራ ተጠባባቂው ንቅንቅ አይልም፤ በነባሪው ደግሞ የጠፋ ነው። በቪአርአርፒ በነባሪው የበራ ነው።

አስቸጋሪው የተዳከመ መስመር ነው። ኢንተርፌሱ መብራቱን አብርቶ እየሠራ ይመስላል፤ ፓኬት ግን በመንገድ ይጠፋል ወይም ይዘገያል። ኬብሉን ብቻ የሚያይ ትራኪንግ ይህን አያይም። ስለዚህ የመዘግየትንና የመጥፋትን መጠን የሚለካ ተደጋጋሚ ፍተሻ ወደ ሩቅ አድራሻ ይላካል፤ በኪፕአላይቭዲ ፍተሻውን የሚያደርገው ስክሪፕት ሲሆን፣ ሲወድቅ የተመደበለትን ክብደት ከቅድሚያው ይቀንሳል። የመስመር መቆረጥን በፍጥነት የሚለየው ፕሮቶኮል ቢኤፍዲ በበኩሉ በ50 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ቢዋቀር መቆረጡን በ150 ሚሊሰከንድ ይለያል፤ መዳከሙን ግን አይለካም። የሚፈተሸው አድራሻ አንድ ብቻ ከሆነና እርሱው ቢወድቅ ጤነኛው ማስተር ያለ ጥፋቱ ይለቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት አድራሻ መምረጥ የሚሻለው ለዚህ ነው።

መስመሩ ከፍ ዝቅ ሲል ቅድሚያውም አብሮ ከዋለለ ተራው በየደቂቃው ይገለባበጣል፤ በእያንዳንዱ ዝውውር በኤንኤቲ (አድራሻ ቀያሪው) ያለፉ ግንኙነቶች ይበጠሳሉ። ሌላው የሲስኮ ፕሮቶኮል ጂኤልቢፒ ለዚህ ሁለት ገደብ አለው፦ ክብደቱ ከታችኛው ሲያንስ ይለቃል፣ ከላይኛው ሳያልፍ አይመለስም። በሌሎቹም ራውተሩ ከተነሣ በኋላ የማዞሪያ ሠንጠረዡ እስኪሞላ የፕሪኤምፕት መዘግየት ይሰጠዋል፤ አለዚያ ከፍተኛ ቁጥሩን ይዞ መንገድ ሳያውቅ ተራውን ይረከባል።

የቅድሚያ ቁጥር እንግዲህ የሚያውቀው እንዲያይ የተነገረውን ብቻ ነው። ኬብል ነቅሎ መሞከር የተለመደ ቢሆንም የሚፈትነው ቀላሉን ጉዳይ ነው። በሊኑክሱ ኔትኤም ፓኬት እየጣሉና እያዘገዩ መፈተን ግን ቁጥሮቹ በትክክል መመደባቸውን ያሳያል።