ከእግራችን ሥር ያሉ ስም የለሽ ጎረቤቶች

በግቢያችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያረጀ ዛፍ ካለ እስቲ ወደ ግርጌው ጎንበስ በሉ። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርጉና ከሥሩ ካለው ጥቁርና እርጥብ አፈር አንድ እፍኝ ዝገኑ። ምን ታያላችሁ? የበሰበሰ ቅጠል፣ ቀጫጭን ሥሮች፣ ምናልባትም አንድ ጉንዳን ወይም የመሬት ትል። ዓይናችን ከዚህ በላይ አያሳየንም። ይሁን እንጂ በዚያች እፍኝ አፈር ውስጥ የሚበሉ፣ የሚራቡ፣ እንቁላል የሚጥሉ፣ የሚያድኑና የሚታደኑ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። ከእነዚህም መካከል እስከ ዛሬ ድረስ ማንም የሰው ልጅ ለይቶ ያላወቃቸውና ስም ያላወጣላቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ የአፈር ነዋሪዎች አንዷን፣ በሳይንሱ ዓለም «ማይት» ተብላ የምትጠራዋን ፍጥረት ነው። አዲስ የማይት ዝርያ እንዴት ይገኛል? አዲስ መሆኑስ በምን ይታወቃል? ስም ማውጣቱስ ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል?

ማይት ማናት?

ብዙ ሰው ማይትን ሲያይ ከነፍሳት ወገን ትመስለዋለች። ነገር ግን አይደለችም። ነፍሳት ስድስት እግር ሲኖራቸው ያደገች ማይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እግር አላት። ዘመዶቿም ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገር ናቸው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ማይቶች አብዛኞቹ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ የሚሆኑም አሉ።

ቁጥራቸው ግን ለመጠናቸው ማካካሻ የተሰጣቸው ይመስላል። በአንድ ካሬ ሜትር የደን አፈር ውስጥ በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ በላይ ማይቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ገሚሶቹ አዳኞች ሲሆኑ ሌሎች ጥቃቅን የአፈር ፍጥረታትን እያሳደዱ ይበላሉ። «ኦሪባቲድ» የሚባሉት ደግሞ እንደ ጥንዚዛ የጠነከረ ቅርፊት የለበሱና አዝጋሚ ናቸው። ምግባቸውም የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ነው። ቅጠሉን አድቅቀው ሲያስወጡት ባክቴሪያና ሻጋታ ቀሪውን ሥራ ይቀጥላሉ፤ በመጨረሻም ተክሉ ከአፈር የወሰደው ምግብ ወደ አፈር ይመለሳል። ይህ ባይሆን ኖሮ የረገፈው ቅጠል የያዘውን ምግብ እንደያዘ ተቆልሎ በቆየ ነበር።

ጥቃቅን ናቸው ብለን እንዳንንቃቸውም የአንዷን ጉልበት እንጥቀስ። አርኪጎዜቴስ ሎንጊሴቶሰስ የምትባለው የሞቃት አገር ኦሪባቲድ ክብደቷ ከአንድ ግራም አሥር ሺኛው ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህች ፍጥረት በጥፍሮቿ ሸካራ ነገር ቆንጥጣ ስትይዝ የራሷን ክብደት እስከ 1,180 እጥፍ የሚሆን ኃይል መቋቋም ትችላለች። ይህን ወደ 60 ኪሎ ሰው ብንመነዝረው ከ70 ቶን በላይ እንደ መያዝ ይሆናል!

ከተደበቁበት እንዴት ይወጣሉ?

አፈር ውስጥ የተሸሸገችን ይህችን የምታህል ፍጥረት በጣት ለቅሞ ማውጣት ዘበት ነው። መፍትሔውን ያገኙት አንቶኒዮ በርሌዘ የተባሉ ጣሊያናዊ ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቁት መሣሪያ ጋዝ ወደ ጠርሙስ ስንገለብጥ እንደምንጠቀምበት ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ ዕቃ ነበር። አፈሩ ከላይ በወንፊት ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው ዙሪያውን በሙቅ ውሃ ይሞቃል። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ ድርቀትን የማይችሉት ፍጥረታት እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ በመጨረሻም በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ከሥር በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን ሙቅ ውሃውን ትተው ከላይ የኤሌክትሪክ አምፖል አደረጉበት። ዘዴው ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ከመቶ ዓመት በኋላም ተመራማሪዎች ይሠሩበታል።

«አዲስ ናት» ለማለት

ውድ አንባቢያን! «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ፍጥረቷ ትናንት ተፈጠረች ማለት አይደለም። አዲስ የሆነው የእኛ ዕውቀት ነው። በስኮትላንድ፣ ራይኒ በተባለ ስፍራ በሚገኝ ድንጋይ ውስጥ ወደ 410 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የማይት ቅሪቶች ተገኝተዋል። ስለዚህ እንግዶቹ እኛ እንጂ እነሱ አይደሉም።

ተመራማሪው የተያዙትን ማይቶች በማይክሮስኮፕ እያየ በቀጭን መርፌ ወይም በብሩሽ ይለያቸዋል። የጠቆረ ቅርፊት ያላቸውን ውስጣቸው እስኪታይ ድረስ በላክቲክ አሲድ ያነጣቸዋል። ቀጥሎ አካላቸውን ከራስ እስከ እግር ይመረምራል። በጀርባዋ ላይ ስንት ጥንድ ፀጉር አለ? ፀጉሩ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ? በየእግሯ መገጣጠሚያ የፀጉሩ ቁጥር ስንት ነው? ጥፍሯ አንድ ነው ወይስ ሦስት? ይህን ሁሉ ለክቶና በእጁ ስሎ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ከባዱ ሥራ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በዓለም ዙሪያ ከተጻፉት መግለጫዎች ጋር ማስተያየት አለበት። ከእነዚህም ብዙዎቹ በላቲን፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የተጻፉ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ይሳሳታል። ኦሪባቲድ ከእንቁላል ከወጣች በኋላ አድጋ እስክትጨርስ ድረስ አራት ጊዜ ቆዳዋን ትገፍፋለች። መጀመሪያ ስትወጣ እግሯ ስድስት ነው፤ ስምንተኛው የሚሞላው ኋላ ነው። ከብዙዎቹም ልጅቱ እናቷን ጨርሶ አትመስልም። በ19ኛው መቶ ዘመን አንዳንድ ሊቃውንት ጫጩቶቹን እንደ ሌላ ፍጥረት ቆጥረው ለብቻቸው ስም ያወጡላቸው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህን መሰሉን ስህተት ካስተካከሉት መካከል አልበርት ዴቪድሰን ማይክል የተባሉ እንግሊዛዊ ይገኛሉ። ሰውየው በሙያቸው የሕግ ሰው ነበሩ። የአፈርና የሙስ ማይቶችን ግን በፍቅር ያጠኑ ነበር። በመልክ ብቻ ከመፍረድ ይልቅ ጫጩቶቹን እየመገቡ አሳደጓቸው፤ የትኛው ጫጩት የትኛዋ ማይት እንደሚሆንም በዓይናቸው ተመለከቱ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1888 በሁለት ቅጽ አሳተሙት። ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ምስክሩን ጠብቀው ሰሙ ማለት ይቻላል።

በዛሬው ጊዜ የዘር ቅንጣት ማለትም ዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። በመልክ ፍጹም አንድ የሚመስሉ ማይቶች በዘራቸው ሲመረመሩ ከረጅም ዘመን በፊት የተለያዩ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ዓይንና እጅ የሚሠሩት ሥራ አልቀረም።

ስም ማውጣት አማና ነው

ለእንስሳት በሁለት ቃል ስም የማውጣቱ ሥርዓት የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1758 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይነግረናል። በዚያ መጽሐፍ የተመዘገቡት ማይቶችና መዥገሮች ሠላሳ ያህል ነበሩ። ዛሬ ስም ያላቸው ከ55 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኦሪባቲዶቹ ብቻ ከ11 ሺህ ይበልጣሉ። ያልታወቁት ግን ከታወቁት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ሊቃውንቱ ይስማማሉ።

ቀደም ሲል ጉልበቷን ያደነቅንላትን ማይት እንውሰድ። ስም ያወጡላት ጃፓናዊው ጁን-ኢቺ አኦኪ ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1965 ነበር። «ሎንጊሴቶሰስ» የሚለው ቃል ረጅም ፀጉር ያላት ማለት ነው። ስሙ መልኳን ይመሰክራል ማለት ነው። በዚህ ሙያ አንድ ሰው ያገኘውን ዝርያ በራሱ ስም መጥራት እንደ ነውር ይቆጠራል። የሌላውን ሰው፣ የአገሩን ወይም የፍጥረቷን ጠባይ መጥቀስ ግን የተለመደ ነው።

ስም ማውጣት የራሱ ዓለም አቀፍ ሕግ አለው። የአሁኑ አራተኛ እትም ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በሕጉ መሠረት ስሙ ከመግለጫው ጋር ታትሞ መውጣት አለበት። አንድ ፍጥረት ሁለት ስም ቢወጣላት እንደ ደንቡ ቀድሞ የታተመው ይጸናል። ከሁሉም በላይ ስሙ የወጣባት አንዲት ማይት «ሆሎታይፕ» ተብላ ለይታ ትመዘገባለች፤ እንደ ሙዚየም ባለ ስፍራም ትቀመጣለች። እሷ ቋሚ ምስክር ናት። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የተጻፈውን ቢጠራጠር ሄዶ በዓይኑ ያያታል። «እመኑኝ» ማለት ብቻ አይበቃም።

ስም ሲሳሳትስ?

«ለዚህች ፍንጣሪ ይህን ያህል ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። መልሱን አንድ እውነተኛ ታሪክ ይስጠን። የአበባና የአትክልት ገበሬዎች በአፈር ውስጥ ያሉ የተባይ እጮችን እንዲበሉላቸው አዳኝ ማይቶችን ገዝተው በአፈሩ ላይ ይበትናሉ። ለረጅም ጊዜ በገበያ ከነበሩት አንዷ «ሃይፖአስፒስ ማይልስ» በሚል ስም ትሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቪድ ዎልተር እና ኒክ ካምቤል የተባሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲመረምሩ በዚያ ስም ለገበያ ስትቀርብ የነበረችው ማይት ሌላ ዝርያ፣ ማለትም ስትራቲዮላይላፕስ ሲሚተስ ሆና ተገኘች።

ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። አንድ አገር ከውጭ የሚመጣን ሕያው ፍጥረት ሲፈቅድ ወይም ሲከለክል የሚያየው ስሙን ነው። ስሙ ከተሳሳተ በአገሩ የሌለ እንግዳ ፍጥረት እንደ አገር ተወላጅ ተቆጥሮ ይገባል፤ ወይም በግቢያችን ያለው በውድ ዋጋ ከውጭ ይገዛል። በአንዱ ላይ የተደረገ ጥናትም ለሌላው ይጻፋል። የስም ስህተት ከወረቀት ተነስቶ እርሻ ድረስ ይደርሳል።

በአገራችን አፈርስ?

የሩሲያና የኢትዮጵያ የጋራ ባዮሎጂ ጥናት ጉዞ ባሰባሰባቸው ናሙናዎች ላይ ሰርጌይ ኤርሚሎቭ እና ሊዮኒድ ሪባሎቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተከታታይ ጽሑፎችን አሳትመዋል። በእነዚህም ከኢትዮጵያ አፈርና ከረገፈ ቅጠል የተገኙ፣ ከዚያ በፊት ሳይንስ የማያውቃቸውን በርካታ ኦሪባቲዶች ስም አውጥተው መዝግበዋል። አያቶቻችን ሲረግጡት የኖሩት አፈር ይህን ሁሉ ይዞ ኖሯል!

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። የአፈር ማይቶች ክንፍ የላቸውም፤ እርምጃቸውም አጭር ነው። ዛፉ ሲቆረጥና ጥላው ሲጠፋ አፈሩ ይደርቃል። እነሱም በርሌዘ መሣሪያ ውስጥ እንዳሉት ወደ ታች ቢሸሹም መድረሻቸው የታረሰ፣ የተጠቀጠቀ ወይም በጎርፍ የተሸረሸረ መሬት ይሆናል። በአንድ ደን ብቻ የምትኖር ዝርያ ከደኑ ጋር ልትጠፋ ትችላለች። ስም ካልወጣላት ደግሞ መጥፋቷን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። ስም የሌለው ነገር ጠፋ ተብሎ አይመዘገብምና።

ለወጣቶች

ይህን በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቁረጡና የላይኛውን ክፍል ክዳኑን አውልቃችሁ በታችኛው ውስጥ ዘቅዝቁት። አንገቱ ላይ የአጎበር ቁራጭ አድርጉና ከዛፍ ሥር ያመጣችሁትን እርጥብ አፈርና ቅጠል በስሱ ጨምሩበት። ከሥር እርጥብ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ከላይ የሚሞቅ የድሮ ዓይነት አምፖል አብሩ፤ የዘመኑ አምፖል ስለማይሞቅ ሥራውን አይሠራም። አምፖሉ ፕላስቲኩንም ቅጠሉንም እንዳይነካ፣ ትልቅ ሰውም ከአጠገባችሁ እንዲኖር ይሁን። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉትና በማግስቱ ቀጥሉ።

ከዚያ ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። የሚሄድ የአቧራ ቅንጣት ካያችሁ እግሩን ቁጠሩ፤ የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተገኘ በደብተራችሁ ጻፉ። ስፍራውና ቀኑ ያልተጻፈለት ናሙና ለተመራማሪ ዋጋው ትንሽ ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ አፈሩንም ነዋሪዎቹንም ወደ መጡበት መልሱ።

«አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ለማለት አትቸኩሉ። ያን ለማለት የዓመታት ትምህርት ያስፈልጋል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ነገ በዩኒቨርሲቲ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጣችሁ ያን ቃል በማስረጃ የምትናገሩ ትሆኑ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ግን ያን እፍኝ አፈር ስንረግጥ ባዶ መሬት አለመሆኑን እናስታውስ።