ለአራስ እናት ሲከፈል የጐደለ ገንዘብ

በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈና የተፈረመበት ቍጥር፤ የተጻፈበት ምክንያት በኋላ ቢለወጥም እንኳ፤ ራሱን ሊያርም አይችልም። በሥራው ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዙን ጐድሎ ያገኘው እንደ ሆነ በወሩ መጨረሻ ለሒሳብ ሹሙ ያመለክታል፤ ባልንጀሮቹም ስንት እንደ ተከፈላቸው ጠይቆ ይረዳል። በወሊድ ፈቃድ ከቤቷ የዋለች እናት ግን ሌሊቱን ከሕፃን ጋራ እየነቃች፤ ቀኑን በአራስነት ድካም እያሳለፈች፤ ለጓደኞቿ ደመወዝ መጨመሩን እንኳ ሳትሰማ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ የጐደለባት ገንዘብ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዷ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያለፈውን ሒሳብ ማንሣት ክርክር እንደ መውደድ ይቈጠርባታል። ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን በብሪታንያ አገር የተደረገው ረጅም ሙግት በግልጥ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሰሜን አየርላንድ ነው። በ1988 ዓ.ም. በጤና አገልግሎት የሚሠሩ 17 ሴቶች በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳሉ በኖቬምበር ወር የደመወዝ ጭማሪ ተወሰነ፤ ከኤፕሪል 1 ቀን ጀምሮም ይታሰብ ተባለ። የእነርሱ የወሊድ ገንዘብ ግን አስቀድሞ በቀድሞው ደመወዝ ተሰልቶ ስለ ነበረ ጭማሪው አልገባበትም። አቤቱታቸው ከዳኛ ወደ ዳኛ ሲተላለፍ ቈይቶ፤ ብሪታንያ ያን ጊዜ የአውሮፓ ማኅበር አባል ነበረችና፤ በሉክሰምቡርግ ካለው ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርዱም ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. ተሰጠ። ዳኞቹ በአንድ በኩል ሴቶቹ በፈቃዳቸው ጊዜ ሙሉ ደመወዝ ይከፈለን ማለት አይችሉም አሉ፤ በሌላው በኩል ግን የወሊድ ገንዘብ ቀድሞ በተከፈለ ደመወዝ የሚሰላ ከሆነ፤ ደመወዙ ከሚመዘንበት ጊዜ መጀመሪያ አንሥቶ ፈቃዱ እስከሚያልቅበት ቀን ድረስ የመጣው ጭማሪ ሁሉ ሊታሰብ ይገባል ብለው ወሰኑ።

የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ዓመት ደንቡን አሻሻለ፤ ይሁን እንጂ ሰፊውን ፍርድ በጠባብ በር አስገባው። ጭማሪው የሚታሰበው ወደ ኋላ ተመልሶ በመመዘኛው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ሲሆን ብቻ ነው አለ። የመመዘኛው ጊዜ ምን እንደ ሆነ ያልተረዳ ሰው የዚህን ቃል ክብደት አያስተውለውም። በዚያ አገር ሕግ አራስ እናት ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከአማካይ ደመወዟ ከመቶ 90 እጅ ይከፈላታል፤ ለቀሩት ሳምንታት የሚሰጣት ግን በሕግ ተወስኖ ከተቈረጠው መጠን አይበልጥም። ጠቅላላው በ1996 ዓ.ም. 18 ሳምንት ነበረ፤ ዛሬ 39 ሳምንት ሆኗል። አማካዩ ደመወዝ የሚወጣው እናቲቱ ፈቃድ በወጣችበት ቀን በነበራት ደመወዝ አይደለም፤ ከመውለጃዋ ሳምንት 15 ሳምንት ወደ ኋላ ተቈጥሮ፤ እስከዚያ ድረስ ባሉት 8 ሳምንታት ውስጥ ከተከፈላት ነው። ይህ አሠራር ለመዝገብ ያዥ እጅግ የተመቸ ነው። ሚዛኑ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ጭማሪ ግን፤ እናቲቱ ገና በሥራ ላይ ሳለች የመጣ ቢሆንም እንኳ፤ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

በአንዲት የቁጠባና የቤት ብድር ድርጅት ሠራተኛ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። የእርስዋ ደመወዝ የተመዘነው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 1995 ዓ.ም. ነበረ፤ ጭማሪው የተሰጣት ከዲሴምበር 1 ቀን ጀምሮ ነው፤ ፈቃድ የወጣችው ጃንዋሪ 8 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። ከመውጣቷ በፊት ከአንድ ወር በላይ በአዲሱ ደመወዝ እየሠራች ሳለች የወሊድ ገንዘቧ በአሮጌው ተከፈለ። በኦገስት ሥራዋን ለቀቀች፤ በአምስተኛውም ወር በጃንዋሪ 1997 ዓ.ም. ክስ አቀረበች። ክርክሩ ከሥራ ዳኞች ጀምሮ በይግባኝ እየወጣ ሉክሰምቡርግ ደረሰ፤ የማኅበራዊ ዋስትናው ሚኒስትርም ተከራካሪ ሆኖ ቀረበ። ማርች 30 ቀን 2004 ዓ.ም. ዳኞቹ፤ ይህች ሴት ባትፀንስ ኖሮ ጭማሪውን ታገኝ ነበረና፤ ጭማሪው ወደ ኋላ ይመለስም አይመለስም ሊታሰብላት ይገባል ብለው ፈረዱ።

ከዚህም በኋላ አንድ አስቸጋሪ ነገር ቀረ። በ1970 ዓ.ም. የወጣው የእኩል ደመወዝ ሕግ፤ ከሳሿ ሴት ከእርስዋ ጋር ተመሳሳይ ሥራ እየሠራ የበለጠ የሚከፈለውን ወንድ ጠቅሳ እንድታስመሰክር ያዝዝ ነበር። ፀንሶ የሚወልድ ወንድ ከየት ተፈልጎ ይቀርባል? የለንደን የይግባኝ ዳኞች በሜይ 2005 ዓ.ም. በእንዲህ ያለ ጉዳይ ወንድ መጥቀስ አያስፈልግም ብለው ይህን መሰናክል አነሡ።

የተጣላችበት ገንዘብ በ200 ፓውንድ አካባቢ ነበረ። ለዚህች ጥቂት ገንዘብ ስምንት ዓመት መሟገት ከንቱ ድካም ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሒሳቡን ያጐደለው የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ሳይሆን ደንቡ ራሱ ነበረና፤ በዚያ ደንብ የተከፈላቸው ሌሎች እናቶች ሁሉ ጉዳይ በዚህች ሴት መዝገብ ውስጥ ይገኝ ነበር። ከኤፕሪል 2005 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲስ ደንብ ጭማሪው በመመዘኛው ጊዜ ሁሉ እንደ ነበረ ተቈጥሮ ይሰላ ብሏል። ስለዚህ ጭማሪው በፈቃዷ መጨረሻ ሳምንት ቢመጣ እንኳ፤ አስቀድሞ የተከፈሉት ስድስቱ ሳምንታት እንደ ገና ይሰላሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የእኩልነት ሕግም ይህንኑ በሥራ ውል ውስጥ እንደ ተጻፈ አድርጎ አጸናው።

ያለፈውን ጉድለት በማስመለስ ረገድ ግን ችግሩ ሌላ ነው። የተዘጋ ሒሳብ ለዘለዓለም ሲከፈት ሊኖር አይችልም የሚሉ ሹማምንት እውነት አላቸው፤ የጊዜ ወሰን የተደረገውም ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ወሰኑ ባለመብቷ ነገሩን ልታውቅ ከመቻሏ በፊት የሚያልቅ ከሆነ፤ ጥቅሙ ገንዘቡን ላስቀረው ብቻ ይሆናል። በብሪታንያ ሕግ የደመወዝ እኩልነት ክስ የሚቀርበው ሠራተኛዋ ሥራ ከለቀቀች በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ወደ ኋላ ተቈጥሮ የሚጠየቀው ውዝፍ ደግሞ ቀድሞ ከ2 ዓመት አያልፍም ነበር። በ1998 ዓ.ም. የሉክሰምቡርግ ፍርድ ቤት በሌላ ሠራተኛ ጉዳይ፤ አሠሪው በሐሰት ቃል አዘግይቷት ከሆነ በሁለቱ ዓመት ወሰን ሊጠጋ አይችልም ብሎ ወሰነ። በ2003 ዓ.ም. ይህ ወሰን በእንግሊዝና በዌልስ 6 ዓመት፤ በስኮትላንድ 5 ዓመት ሆነ።

ጭማሪ የተሰጠበትን ቀንና ፈቃድ የተወጣበትን ቀን አስተያይቶ ጉድለቱን ማግኘት ለመሥሪያ ቤቱ የአንድ ጧት ሥራ ነው፤ ሁለቱም ቀኖች በእጁ ናቸውና። እናቲቱ ግን አመልካች ሆና ደጅ እንድትጠና ይጠበቅባታል፤ ይህ የተገለበጠ ሥርዓት ነው። ደግሞም አሠሪው የወሊድ ገንዘብ መዝገብን እንዲያቈይ የታዘዘው የግብሩ ዓመት ካለቀ በኋላ ለ3 ዓመት ብቻ ነው። በአራተኛው ዓመት የመጣች አመልካች ውዝፉን ለመጠየቅ መብት ቢኖራትም፤ የደመወዝ ወረቀቷን በቤቷ ካላስቀመጠች ምን ያህል እንደ ጐደለባት የምታሳይበት ማስረጃ አይገኝም።