የጓዳዎ እህል መቼ ይገዛ?

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ በጥር የጠየቁት የእህል ዋጋ ነሐሴ ላይ እንደማይጠብቅዎ ያውቃሉ። ብዙዎቻችን «ነጋዴው ጨመረ» ብለን እናልፈዋለን። የነጋዴው እጅ የለበትም ባይባልም፣ በየዓመቱ የሚመላለስ የወቅት ዑደት ግን አለ።

የአገራችን እህል በአብዛኛው የሚገኘው ከመኸር ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ማሽላ ከኅዳር እስከ ጥር ይታጨዳል፣ ይወቃል። ገበሬው ዕዳና ግብር ስለሚጠብቀው ብዙውን በዚያው ሰሞን ይሸጣል፤ ገበያው ሲሞላ ዋጋው ይረግባል። ከሰኔ በኋላ ጎተራው ይጎድላል፤ ሲሸጥ የከረመው ገበሬ ራሱ ሸማች ሆኖ ይመጣል፣ የገጠሩም መንገድ በዝናብ ይበላሻል። ዋጋው የሚንረው ያኔ ነው። ፍላጎትም የራሱ ወቅት አለው፦ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር፣ በረመዳን ለሳምቡሳና ለሾርባ የሚሆነው ሁሉ ይፈለጋል።

ይህ ዑደት ለሁሉም እኩል አይከብድም። ጀልዴሳን ይመልከቱ። ጥንት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዘው ቅፍለት ማረፊያ ነበረች፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ ንግዱ ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ። ዛሬ በአካባቢው ያለው አርብቶ አደር የእህልን ዋጋ በብር ብቻ አይለካም። ጥያቄው «አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል?» ነው። ዝናብ ሲዘገይ ፍየሏ ትከሳለች፣ ዋጋዋ ይወርዳል፤ እህሉ ደግሞ ይወደዳል። አንዱ ቤተሰብ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ለበዓል ፍየል ሲገዙ የሚከራከሩባት ጥቂት መቶ ብር ለሻጯ የልጆቿ እራት ልትሆን ትችላለች።

የወር ደመወዝ ያለን የከተማ ሰዎች ቀድመን የመግዛት ዕድል አለን፤ በወጉ ከተጠቀምንበት፦

• ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይግዙ። ኩንታል ከከበደዎ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ።

• እህሉ በደንብ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» ማለት አለበት። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ነቀዝ ቶሎ ይራባል፤ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ይረዳል።

• እህሉን እንጂ ዱቄቱን አያከማቹ፤ ለወር የሚበቃውን ብቻ ያስፈጩ።

• በወለድ ተበድረው አይግዙ፤ ወለዱ ያተረፉትን ሊበላው ይችላል።

ድርቅ፣ ግጭት ወይም የነዳጅ ጭማሪ ዑደቱን የሚያዛባበት ዓመት ስላለ፣ ጥር ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ የየወሩን የጤፍና የማሽላ ዋጋ በማስታወሻ ይያዙ፤ የከርሞውን ግዢ የሚወስኑት በወሬ ሳይሆን በራስዎ ቁጥር ይሆናል። የሚገዙትም ለጓዳ የሚበቃውን ይሁን፤ ከዚያ በላይ የተከማቸ እህል ክረምት ላይ የሌላውን ገበያ ያስወድዳል።